ቱርጁማን ያጣ ስክሪን፦ የሊነክስና የግራፊክስ ካርድ ታሪክ ከሸርቆሌ ሲታይ

ሸርቆሌ ስንል ሸጎሌ ብሎ የሚሰማ አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። አንፈርድበትም፤ የአዲስ አበባ ልጅ ጆሮው የለመደውን ነው የሚሰማው። እንዲያውም ሁለቱ ስሞች በሩቁም ቢሆን ይገናኛሉ። የሸጎሌ ሰፈር ስሙን ያገኘው ከሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን ነው። ሼህ ሆጀሌ ደግሞ የአሶሳን አካባቢ ይገዙ የነበሩ፣ ለመሀል አገሩ መንግሥት ወርቅ ይገብሩ የነበሩ ሰው ናቸው። ሸርቆሌም ያለው እዚያው፣ ከአሶሳ ወደ ሱዳን ድንበር በሚወስደው አቅጣጫ ነው።

የሸርቆሌ ስም ሲነሳ አብሮ የሚነሳው ስደት ነው። በስሙ የሚጠራው የስደተኞች መጠለያ የተከፈተው በ1997 ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ አደራ እንዳትደናገሩ)። በ2011 የሱዳኑ ብሉ ናይል ግዛት ሲታመስ፣ ከኤፕሪል 2023 ወዲህ ደግሞ ሱዳን በሞላ ጦርነት ውስጥ ስትገባ፣ በኩርሙክ በኩል ብዙ ሰው ወደ አካባቢው ገብቷል። እኛ ግን ዛሬ የመጣነው በሌላ በር ነው። ስለ ግራፊክስ ካርድ ድራይቨር ልናወራ ነው። ሳቁ፣ ግዴለም።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሸርቆሌ ላይ አንድ ኮምፒውተር አለ እንበል። አዲስ አይደለም። አውሮፓ ውስጥ አንድ ቢሮ ለዓመታት ተጠቅሞበት የጣለው፣ በእርዳታም በንግድም ተጉዞ አዲስ አበባ የደረሰ፣ ከዚያ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ በመኪና ተንገጫግጮ አሶሳ የገባ፣ ከአሶሳም ወደ ሸርቆሌ የወጣ ነው። የትምህርት ቤት ወይም የወጣት ማዕከል ንብረት ይሁን። ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ እንዲህ ያለውን ሽማግሌ አይቀበልም፤ አዲስ ፕሮሰሰርና የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል። ስለዚህ አንድ ብልህ ልጅ ሊነክስ ጫነበት እንበል። ነጻ ነው፣ ቀላል ነው፣ ቫይረስም ብዙ አያስቸግረውም።

ኮምፒውተሩ ተነሳ። ስክሪኑ ግን ወይ ጥቁር ነው፣ ወይ ፊደሉ ሁሉ ተለጥጦ እንደ ውሃ ውስጥ ጽሑፍ ይንቀጠቀጣል፣ ወይ ማውሱ ሲንቀሳቀስ ጥላው ከኋላ ቀርቶ ይከተለዋል። ልጁ ለሚያውቀው ሰው ይደውላል። መልሱ አጭር ነው፦ «ድራይቨሩን አፕዴት አድርገው!»

እሺ፣ የቱን ድራይቨር? ከየት? በምን ኢንተርኔት? እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች የ40 ዓመት ታሪክ አላቸው። ታሪኩን የሚያውቅ ሰው መልሱን በቶሎ ስለሚያገኘው ከዚያ እንጀምር።

ድራይቨር ሹፌር አይደለም

በአማርኛ ድራይቨር ሲባል ቶሎ የሚመጣብን ሹፌር ነው። ለዚህ ጉዳይ ግን የሚሻለው ሌላ የቆየ ቃላችን ነው፦ ቱርጁማን፣ አስተርጓሚ። በሸርቆሌ አካባቢ ገበያ በርታኛ የሚናገር አለ፣ አረብኛ የሚናገር አለ፣ አማርኛ የሚናገር አለ። ሦስቱንም የሚችል ሰው መሀል ካልገባ የሰሊጥ ዋጋ መነጋገር ያስቸግራል። ኮምፒውተር ውስጥም ያለው ይኸው ነው። የሊነክስ እምብርት የሆነው ከርነል የሚናገረው አንድ ቋንቋ አለ። ግራፊክስ ካርዱ የሚሰማው ደግሞ ሌላ ቋንቋ ነው፤ ያውም ኩባንያው በየትውልዱ የሚቀያይረው። ከርነሉ «እዚህ ቦታ መስኮት ክፈት፣ ይህን ፊደል በጥቁር ጻፍ» ሲል፣ ድራይቨሩ ለካርዱ በሚገባው ቁጥር ገልብጦ ይነግረዋል። ቱርጁማኑ ከሌለ ካርዱ ቢበዛ የሚያውቀው ጥቂት የጋራ ሰላምታ ነው። ያን ጊዜ ነው የተለጠጠውን ስክሪን የምናየው።

እኛ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ስለ ትርጉም ማንም ሊነግረን አያስፈልግም። በ1889 የተፈረመውን የውጫሌን ውል 17ኛ አንቀጽ ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ የማያውቅ የለም። የአማርኛው ኢትዮጵያ ከፈለገች በኢጣልያ በኩል ከሌሎች መንግሥታት ጋር መነጋገር እንደምትችል ይላል፤ የኢጣልያንኛው ግዴታ ያደርገዋል። ልዩነቱ የታወቀው፣ ምኒልክም በ1893 ውሉን ያፈረሱት፣ ሁለቱም ጽሑፎች ለንባብ ክፍት ስለነበሩ ነው። የሁለቱን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ጎን ለጎን አስቀምጦ ማመሳከር ይችል ነበር። እስቲ የአንደኛው ቋንቋ ጽሑፍ በካዝና ተቆልፎ ቢሆን ኖሮ ብላችሁ አስቡ። የግራፊክስ ድራይቨር ታሪክ የዚያ ካዝና ታሪክ ነው።

ከወረቀት የነከሰ ማተሚያ እስከ ፊንላንዱ ተማሪ

መነሻው ስክሪን አይደለም፣ ማተሚያ ነው። በ1980 ገደማ በአሜሪካ ኤምአይቲ የሰው ሠራሽ አእምሮ ላቦራቶሪ ውስጥ ይሠራ የነበረው ሪቻርድ ስታልማን አንድ የዜሮክስ ሌዘር ማተሚያ አስቸገረው። ማተሚያው ወረቀት ይነክሳል። ስታልማን ለቀድሞው ማተሚያ ወረቀት ሲነክስ ለሠራተኞቹ ኮምፒውተር ላይ መልእክት የሚልክ ፕሮግራም ሠርቶለት ነበር። ለአዲሱም ሊሠራ ሲል ኩባንያው የፕሮግራሙን ምንጭ ኮድ አልሰጠም። ኮዱ አለው የተባለ የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ሰው ዘንድ ቢሄድ «ለማንም ላልሰጥ ቃል ገብቻለሁ» በሚል ምክንያት ባዶ እጁን መለሰው። ስታልማን በ1983 የነጻ ሶፍትዌር ንቅናቄን ሲጀምር ይህ ቂም አብሮት ነበር። ልብ በሉ፣ የሊነክስ ዓለም ገና ሳይወለድ የተጣላው ከድራይቨር ጋር ነው ማለት ይቻላል።

በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሊነክስን ይፋ አደረገ። የዚያን ዘመን ሊነክስ ስክሪን ላይ ሥዕል ማውጣት እንዲህ ቀላል አልነበረም። ኤክስ የሚባለውን የመስኮት ሥርዓት ለግል ኮምፒውተር ያመቻቸው ኤክስ-ፍሪ-86 የተሰኘው ፕሮጀክት ነበር። ተጠቃሚው የሞኒተሩን ማኑዋል ፊቱ ዘርግቶ፣ ስክሪኑ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚታደስና እያንዳንዱ መስመር ስንት ነጥብ እንዳለው በእጁ አንድ ፋይል ውስጥ ይጽፍ ነበር። መመሪያዎቹም «ቁጥሩን ከተሳሳትክ ሞኒተርህ ሊበላሽ ይችላል» እያሉ ያስጠነቅቁ ነበር። ዛሬ ስክሪኔ ደበዘዘ ብሎ የሚያማርር ወጣት እነዚያን ሰዎች ቢያስታውስ ደግ ነው።

ከዚያ ጌም መጣና ነገሩ ተለወጠ። ከ1996 ጀምሮ የ3ዲ ካርዶች ተስፋፉ፤ በ1999 ኤንቪዲያ ጂፎርስ 256ን አወጣ። ካርዱ የራሱ የሆነ ትንሽ ኮምፒውተር ሆነ። ቋንቋውም የዚያኑ ያህል ተወሳሰበ። ኤንቪዲያ በ2000 ለሊነክስ ድራይቨር ሰጠ፤ ግን የታሸገ ነው። ትጭነዋለህ፣ ይሠራል፣ ውስጡን አታይም። በፈጣንነቱ ብዙ ሰው ወደደው። እውነቱን ለመናገር በዚያ ዘመን በሊነክስ ጌም መጫወት የፈለገ ሰው ከዚያ የተሻለ ብዙ ምርጫ አልነበረውም።

ሲዲው በፖስታ፣ ድራይቨሩ በሞደም

ይህ የሆነው እኛ አገር ኢንተርኔት ማለት የሞደም ጩኸት በነበረበት ጊዜ ነው። ኡቡንቱ የተባለው የሊነክስ ዓይነት በኦክቶበር 2004 ሲወጣ አንድ የማይረሳ ነገር አብሮት መጣ፤ ሲዲውን በነጻ፣ የፖስታ ሂሳብ ሳያስከፍል፣ ዓለም ላይ ላለ ለጠየቀ ሁሉ ይልክ ነበር። የፖስታ ሣጥን ቁጥር ያለው ማዘዝ ይችል ነበር። ይህ ደግነት እስከ 2011 ዘልቋል። ኢንተርኔት ለሌለው አገር ሊነክስ በቢጫና ቡኒ ወረቀት ተጠቅልሎ ይደርሰው ነበር ማለት ነው።

ሲዲው ግን የማይፈታው ነገር ነበር። በኤፕሪል 2007 የወጣው 7.04 ቁጥር ኡቡንቱ ካርዱን አይቶ «ይህ ዕቃ የታሸገ ድራይቨር ይፈልጋል፣ ልጫንልህ?» የሚል መሣሪያ ይዞ መጣ። ደስ ይላል። ታዲያ አዲሱ ድራይቨር የሚመጣው ከኢንተርኔት ነው። 20 ሜጋባይት ፋይል በ56 ኬ ሞደም፣ መስመሩ አንድ ጊዜም ሳይቆረጥ ከሄደ እንኳ፣ ከ45 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። መስመሩ የማይቆረጥበትን ቀን የሚያውቅ ካለ ይንገረን። ዛሬ የኤንቪዲያ ድራይቨር ከ300 ሜጋባይት በላይ ሆኗል። አዲስ አበባ ላለ ሰው ይህ ምንም አይደለም። ሸርቆሌ ላለ ልጅ የሞባይል ዳታ ከኪስ የሚወጣ ገንዘብ ነው።

በዚያው ዘመን አገራችን ሌላ ሊነክስም አይታለች። በ2008 አካባቢ «ለእያንዳንዱ ሕፃን አንድ ላፕቶፕ» በሚለው ዓለም አቀፍ ፕሮጀክት በሺዎች የሚቆጠሩ አረንጓዴና ነጭ ላፕቶፖች ለኢትዮጵያ ተማሪዎች ታድለዋል። ውስጣቸው ሊነክስ ነበር። ፕሮጀክቱ ብዙ ተተችቷል፣ ያ ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው አንድ ነጥብ ነው፤ የላፕቶፑ ግራፊክስ ከፕሮሰሰሩ ጋር የተሠራ፣ ክፍት ድራይቨር ያለው ነበር። ሕፃናቱ ድራይቨር ፈልጉ አልተባሉም። ከፈቱት፣ በራ።

ካዝናው እንዴት ተከፈተ?

ካዝናውን ለመክፈት ሁለት መንገድ ነበር። አንደኛው ባለቤቱ በፈቃዱ ሲከፍተው ነው። ኤኤምዲ በ2006 ኤቲአይ የተባለውን የግራፊክስ ኩባንያ ገዛ፤ በሴፕቴምበር 2007 ደግሞ የካርዶቹን ቋንቋ የሚያስረዱ ሰነዶች ለሕዝብ እንደሚለቅና ክፍት ድራይቨር እንዲሠራ እንደሚያግዝ አስታወቀ። ኢንቴል ቀድሞም በዚሁ መንገድ ላይ ነበር። ዛሬ በሊነክስ ዓለም «ኢንቴል ወይም ኤኤምዲ ከሆነ አትጨነቅ» የሚባለው ከዚያ ውሳኔ በኋላ በተሠራ የብዙ ዓመት ሥራ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ጆሮ ነው። ኤንቪዲያ አልከፍትም ሲል የተወሰኑ ፕሮግራመሮች ኑቮ የሚባል ፕሮጀክት ጀመሩ፤ ቃሉ በፈረንሳይኛ አዲስ ማለት ነው። ዘዴያቸው እንዲህ ነበር። የታሸገው ድራይቨር ለካርዱ የሚልካቸውን ቁጥሮች ይመዘግባሉ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ለውጠው፣ ለምሳሌ የአንዲት ሦስት ማዕዘን ቀለም፣ እንደገና ይመዘግባሉ። ከዚያ የተለወጠው ቁጥር የትኛው እንደሆነ ያመሳክራሉ። ቋንቋ የማያውቅ ልጅ ገበያ ቁጭ ብሎ ቱርጁማኑን እያዳመጠ በርታኛ ሲለምድ አስቡት። ዓመታት ፈጀ፤ በፌብሩዋሪ 2010 ኑቮ የሊነክስ ከርነል ውስጥ ገባ። ያለ ማንም ፈቃድ፣ ያለ አንድ ገጽ ሰነድ የተጀመረ ሥራ ነበር።

በጁን 2012 ሊነስ ቶርቫልድስ ፊንላንድ ውስጥ በአልቶ ዩኒቨርሲቲ መድረክ ላይ ስለ ኤንቪዲያ ተጠየቀ። አብረናቸው ከሠራነው ኩባንያ ሁሉ የከፋው እሱ ነው አለና ወደ ካሜራው ዞሮ የመሀል ጣቱን አሳየ። ቪዲዮው ዓለምን ዞረ። ኩባንያው ግን አልተንቀሳቀሰም። እንዲያውም ከ2014ቱ የጂፎርስ 900 ትውልድ ጀምሮ ካርዱ የኩባንያው ዲጂታል ፊርማ ከሌለበት ውስጣዊ ፕሮግራም እንዳይቀበል ተደረገ። ኑቮ ቋንቋውን ቢማርም ካርዱን በሙሉ ፍጥነቱ ማስሮጥ አቃተው።

ለውጥ የመጣው በሜይ 2022 ነው፤ ኤንቪዲያ ከርነሉ ውስጥ የሚገባውን የድራይቨሩን ክፍል ምንጭ ኮድ ለቀቀ። ቁጣው ይሁን ገበያው ያስገደደው እናንተ ፍረዱ። በዚያ ጊዜ ትልቁ ገቢው ወደ ዳታ ሴንተር እየዞረ ነበር፣ ዳታ ሴንተሩ ደግሞ የሚሠራው በሊነክስ ነው። የተለቀቀውም ሙሉው አይደለም፤ የላይኛው ክፍልና ካርዱ ውስጥ ያለው ፕሮግራም አሁንም ዝግ ናቸው። የሚያገለግለውም በ2018 ከወጣው ቱሪንግ ትውልድ ወዲህ ላሉ ካርዶች ብቻ ነው። የሸርቆሌው ሽማግሌ ኮምፒውተር ከዚህ ምሕረት ውጭ ነው።

ኮምፒውተር መቼ ነው የሚሞተው?

እዚህ ላይ ነው ጉዳዩ የቴክኒክ ወሬ መሆኑ የሚያበቃው። ኤንቪዲያ የቆዩ ካርዶችን በየተራ ይሰናበታል። ከ2006 መጨረሻ ጀምሮ የወጡት የጂፎርስ 8 እና ተከታዮቻቸው፣ በ340 ቁጥር ድራይቨር የሚሠሩት፣ ድጋፋቸው በ2019 መጨረሻ አበቃ። የጂፎርስ 400 እና 500 ካርዶች 390 ቁጥር ድራይቨር በ2022 መጨረሻ ተከተለ። የ600 እና የ700 ትውልድ ብዙ ካርዶች የሚጠቀሙበት 470 ቁጥር በ2024 ቆመ። በ2025 ደግሞ 580 ቁጥር ለጂፎርስ 900 እና ለ10 ትውልድ የመጨረሻው እንደሚሆን ታወቀ፤ ጌመሮች የሚወዱት ጂቲኤክስ 1060 ሳይቀር ማለት ነው።

ድጋፉ ቢቆም ምን አለበት፣ የነበረው ይሠራል አይደል? አይሠራም፣ ወይም ብዙም አይቆይም። ምክንያቱ ይኸውላችሁ። የሊነክስ ከርነል ውስጡን በየጊዜው ያድሳል። ከርነሉ ውስጥ ያሉ ድራይቨሮች ከቤቱ ጋር አብረው ይታደሳሉ፤ ግድግዳውን ያነሳ ሰው በሩንም ማስተካከል ግዴታው ነው። ውጭ የቆመውን የታሸገ ድራይቨር ግን ማንም አይነካለትም። ባለቤቱ ከተወው፣ አንድ ቀን ከርነሉ አፕዴት ሲደረግ ድራይቨሩ አልገጥም ይላል፤ ኮምፒውተሩም በማግስቱ ጠዋት ጥቁር ስክሪን ይዞ ይነሳል። እኛም እንዲህ ባለ ጥቁር ስክሪን ፊት ተቀምጠን ሌሊቱን አጋምሰናል። ካርዱ ጤነኛ ነው። ፋኑ ይዞራል፣ መብራቱ ይበራል። የሞተው ወረቀት ላይ ነው፤ ያውም ከሸርቆሌ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኝ ቢሮ ውስጥ።

ንጽጽሩን ተመልከቱ። ኤኤምዲ ራሱ በ2012 ገደማ ላወጣቸው ኤችዲ 7000 ካርዶች የሚሰጠውን መደበኛ የዊንዶውስ ድራይቨር በ2021 አቁሟል። በሊነክስ ግን ድራይቨሩ ክፍት ስለሆነ በ2025 ቫልቭ በተባለው የጌም ኩባንያ በኩል የሚሠራ ባለሙያ እነዚያኑ ካርዶች ወደ አዲሱ ኤኤምዲጂፒዩ ድራይቨር እንዲዛወሩ ሠርቶ አሻሻላቸው። አምራቹ የተሰናበተው ዕቃ፣ ከ13 ዓመት በኋላ፣ በሌላ ሰው እጅ ተሻለ። ኮዱ ታሽጎ ቢሆን ይህ አይታሰብም ነበር።

ለእኛ ይህ እንግዳ ታሪክ መሆን የለበትም። በ1990ዎቹ ፊደላችን ራሱ በየካዝናው ተቆልፎ ነበር። እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር ለ«ሀ» የራሱን ቁጥር ይሰጥ ስለነበር፣ አንዱ ቢሮ የጻፈው ደብዳቤ ሌላው ቢሮ ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት የተቀላቀለበት ጉድ ይሆን ነበር። ሶፍትዌሩ ከገበያ የወጣ ዕለት ደብዳቤውም አብሮ ይጠፋል። በ1999 የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገብቶ ለእያንዳንዱ ሆሄ ሁሉም የሚያውቀው አንድ ቁጥር ሲሰጠው ነው የተገላገልነው። ይህን ጽሑፍ በስልክም በኮምፒውተርም የምታነቡት በዚያ ምክንያት ነው።

ታዲያ ልጁ ምን ያድርግ?

ታሪኩን ካወቅን መልሱ ያጥራል። መጀመሪያ ካርዱን ማወቅ ነው። እያንዳንዱ ካርድ የትውልድ ስሙን በቁጥር ይዞ ይመጣል፤ የኤኤምዲ 1002 ነው፣ የኢንቴል ደግሞ 8086፣ ይህም በ1978 ለወጣው ታዋቂ ፕሮሰሰሩ መታሰቢያ ይመስላል። ተርሚናል ከፍቶ ኤል፣ ኤስ፣ ፒ፣ ሲ፣ አይ የሚሉትን የእንግሊዝኛ ፊደላት በትንንሹ አያይዞ፣ ክፍተት ትቶ፣ ጭረትና ኬ ጨምሮ ኢንተር ይጫን። ከሚወጣው ዝርዝር ውስጥ ቪጂኤ ወይም 3ዲ የሚል መስመር አለ፤ የካርዱ ስም እዚያው ነው፤ ከሥሩ ደግሞ አሁን የሚሠራው ድራይቨር ተጽፏል። ይህ ሥራ ኢንተርኔት አይፈልግም።

ካርዱ የኢንቴል ወይም የኤኤምዲ ከሆነ ድራይቨር ፍለጋ ድረ ገጽ ለድረ ገጽ አይንከራተት። ቱርጁማኑ ከርነሉና ሜሳ በሚባለው ክፍት የግራፊክስ ጥቅል ውስጥ ተቀምጧል። አፕዴት ማድረግ ማለት ሲስተሙን አፕዴት ማድረግ ነው። የኤንቪዲያ ከሆነ በመጀመሪያ ትውልዱን ይለይ። ከ2018 ወዲህ ያለ ከሆነ አዲሱ ድራይቨር ይሠራለታል። የ900 ወይም የ10 ትውልድ ከሆነ 580 ቁጥር ነው የሚስማማው። ከዚያ የቆየ ከሆነ ኑቮ ይሻለዋል፤ ከባድ ጌም አያስጫውተው ይሆናል፣ ጽሑፍና ትምህርት ግን ያስነብበዋል። የታሸገው ካስፈለገም ከሊነክሱ የራሱ ማከማቻ ይውሰድ፤ ከኩባንያው ገጽ በቀጥታ የወረደ ፋይል ከርነሉ በተለወጠ ቁጥር ጣጣ ያመጣል።

ስክሪኑ ጭራሽ ከጨለመ፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ በሚመጣው የማስነሻ ዝርዝር ላይ ኖሞድሴት የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ጨምሮ ማስነሳት ይቻላል። ይህ ቱርጁማኑን ለጊዜው አሳርፎ በምልክት ቋንቋ እንደመነጋገር ነው፤ ስክሪኑ ይበራል፣ ጥገናው ይቀጥላል፣ ለዘለቄታው ግን አይሆንም። ትልልቁን ፋይል ደግሞ ሸርቆሌ ላይ ለማውረድ ከመታገል፣ አሶሳ የሚሄድ ሰው ሲገኝ የካርዱን ስም በወረቀት ጽፎ መስጠትና በፍላሽ ማስመጣት ይረክሳል። ፖስታ ሣጥን በነበረበት ዘመን ሲዲው እንደመጣው መሆኑ ነው።

ይህ ሁሉ ግን የልጁ ሸክም መሆን አልነበረበትም። እኛ አዲስ አበባ ያለን፣ ወይም ውጭ አገር ሆነን «ለአገር ቤት ትምህርት ቤት ኮምፒውተር እንላክ» ብለን ገንዘብ የምናዋጣ፣ ራሙንና ሃርድ ዲስኩን እንጠይቃለን። ከዚያ ጋር አንድ ጥያቄ እንጨምር፦ ግራፊክሱ የማን ነው? ድራይቨሩ ከርነሉ ውስጥ አለ ወይ? የሁለት ደቂቃ ጥያቄ ናት። ሳትጠየቅ ከቀረች ግን መልሱን የሚከፍለው ከአሶሳ ማዶ ጥቁር ስክሪን ፊት የተቀመጠው ልጅ ነው። እሱ ደግሞ ምናልባት አንድ ጊዜ ድንበር የተሻገረ፣ አዲስ ቋንቋ አንድ ብሎ የጀመረ ልጅ ነው። ቢያንስ ኮምፒውተሩ ቋንቋ አይጥፋበት።

ጥቁር ስክሪን የገጠማችሁ ካላችሁ የካርዱን ስም ይዛችሁ ኑ፤ አብረን እንመታታለን። ቸር ይግጠመን።